ባለከረባቱ ሰውዬ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሬሳ ከአራተኛ ፎቅ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተሸከመ ብቻ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ መታጠፊያው አጭር ነው፤ ሳጥኑ ወይ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ወይ ከመደገፊያው ብረት በላይ መነሳት አለበት። እነዚያን ቤቶች የነደፈው መሐንዲስ ሰው እንደሚያገባ፣ እንደሚወልድ፣ ሶፋ እንደሚገዛ ሳይቀር አስቧል፤ እንደሚሞት ግን ጨርሶ ትዝ አላለውም።

ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል በዚያ ቅዳሜ ጠዋት እስከ ሁለተኛው ፎቅ በሰላም ወርዶ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ከኋላ፣ የዕድሩ ጎረምሶች ከመሀል፣ ከፊት ደግሞ አብሮት የዘመተው አፋሩ ሁመድ ይዘውታል። ሁመድን "ጋሼ፣ ዕድሜዎ ነው፣ ለልጆቹ ይልቀቁ" ብለውት ነበር፤ እንዳልሰማ ሆነ። የሟች ሚስት ጠጅቱ ከሳጥኑ ኋላ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት ትወርዳለች። ጉልበቷ ደህና ነው፤ ግን ባልሽ የሞተ ቀን ብቻሽን ደረጃ መውረድ አይፈቀድልሽም።

ከታች በኩል የባሏ ታናሽ ወንድም ኃይለመለኮት አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ በሁለት እጁ ታቅፎ እያለከለከ ሲወጣ ታየ። ከፎቶ ቤት እየመጣ ነው። ፎቶው ከሬሳው ፊት ፊት መሄድ ስላለበት፣ ሳይደርስ ሳጥኑ እንዳይወጣ ፈርቶ ሮጧል። ጠጅቱ በመደገፊያው ብረት ላይ ጎንበስ ብላ አየች።

ከመስተዋቱ ጀርባ አንድ ሰውዬ ያያታል። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ለብሷል፤ ቀይ ከረባት አስሯል። ትከሻው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ትከሻ ነው። እዚያ ትከሻ ላይ ግን የባሏ ጭንቅላት ተቀምጧል፤ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ፣ የሰው ቤት በር ተሳስቶ እንደከፈተ ሰው ደንገጥ ያለ ይመስላል።

"ይሄ ማነው?" አለች።

ኃይለመለኮት ላቡን በክንዱ ጠረገ። "ጋሼ ነዋ፣ እትዬ! አያምርም? እንደ ሚኒስትር አድርጎ ነው ያወጣው።"

"ወልዴ በዕድሜው ከረባት አስሮ ያውቃል?"

"እትዬ፣ የዚህ ጊዜ አይደለም አሁን። አባ ለፍትሐቱ ቆመው እየጠበቁን ነው።"

"አስቀምጡት" አለች ጠጅቱ ለተሸካሚዎቹ።

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። ደረጃ መሀል ላይ ሬሳ አስቀምጡ የሚል ትእዛዝ በዕድሩ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። የዕድሩ ሰብሳቢ ከታች ሆኖ "ምን ሆናችሁ? ምን ያቆማችኋል?" እያለ ይጮሃል፤ አውቶቡሱም ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤት ዕፀገነት ግን ነገሩን አንዴ አይታ ገባትና ከቤቷ ሁለት በርጩማ አወጣች። "እኔ ደጅ ላይ ይረፍ" አለች። "ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካኔን ተሸክሞ እዚህ በር ላይ ሲያሳርፍልኝ የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ እሱ ቢያርፍ ምን ይለዋል!" ሳጥኑ በርጩማዎቹ ላይ ተቀመጠ።

አዲስ አበባ ውስጥ በየፎቶ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ አንድ ሱፍ አለ። ለፓስፖርትም፣ ለሥራ ማመልከቻም፣ ለሙታንም ያንኑ ያለብሳሉ። ዕድሜውን ሙሉ በሹራብ የኖረ ሁሉ ሲሞት ባለሱፍ ይሆናል፤ ዘመድም "እንዴት አምሮበታል" ይላል እንጂ "ይሄ ሱፍ የማን ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ጠጅቱ ግን ጠየቀች፤ ምክንያቱም ከሱፉ ሥር የተቀበረውን ታውቀዋለች።

ዋናው ፎቶ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ጅጅጋ ከተማ የተነሳው ነው። ወልደገብርኤል በወታደር ልብሱ፣ ቆቡን ወደ አንድ ጎን ጋደል አድርጎ ቆሟል፤ ከደረት ኪሱ ደግሞ መቁጠሪያው ከነመስቀሉ ተንጠልጥሎ ይታያል። ያ መቁጠሪያ ቀላል ነገር አልነበረም። እግዚአብሔር የለም በሚባልበት ዘመን፣ የክፍሉ ካድሬ ሰልፍ ላይ "ይህን የኋላ ቀር ነገር አውልቅ" ሲለው፣ "ጓድ፣ ጠመንጃው የመንግሥት ነው፤ ይሄ የግል ትጥቄ ነው" ብሎ መልሶለታል። ከዚያ በኋላ ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ ላይ ቆመ። ጓደኞቹ መቶ አለቃ፣ ሻምበል ሲሆኑ እሱ እዚያው ሃምሳ ላይ ቁጭ አለ። እሱም አልተጸጸተ፤ እሷ ነበረች አልፎ አልፎ የምትጸጸትለት።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ሰው ሁሉ የወታደር ልብስ ያለበትን ፎቶ እያወጣ ሲያቃጥል፣ ወልደገብርኤልም "ለልጆቹ እዳ እንዳይሆን አቃጥይው" አላት። "አቃጥያለሁ" አለችው። ቤቱ ሲፈተሽ ፎቶው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከልበ ኢየሱስ ሥዕል ጀርባ ነበር፤ ፈታሾቹም ሥዕሉን አይተው አማትበው አለፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ጊዜው ረገብ ሲል አውጥታ ሰጠችው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ "አንቺ ሴት፣ ውሸታም ነሽ" አላትና ምስማር ፈልጎ ራሱ ከልበ ኢየሱስ አጠገብ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ፎቶው ወዳለበት አቅጣጫ ነበር የሚያስቀምጠው። ትሑት ነው ይሉታል ሰዎች፤ ነበርም። በዚያ ፎቶ ግን ይኩራራ ነበር።

ትናንት ማታ ኃይለመለኮት "ላሳድገው" ብሎ ፎቶውን ሲጠይቅ፣ ልጇ መቅደላዊት ከምስማሩ አውርዳ ሰጠችው። ያሳድገዋል እንጂ ያሳንሰዋል ብላ ማን ይጠረጥራል።

"የታለ ልብሱ? የታለ መቁጠሪያው?" አለች ጠጅቱ።

ኃይለመለኮት ፎቶውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሁለት ደረጃ ወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ እርስዎ አይረዱኝም። የልጄ የሶሲ አማቶች ይመጣሉ። አማቷ አቶ ሀብተ ማርያም ታላቅ ወንድማቸውን በቀይ ሽብር ነው ያጡት። የወታደር ልብስ ሲያዩ ዛሬም ደማቸው ይፈላል። ልጄ ገና ከገባች ዓመቷ ነው። እዚያ ቤት መኖር አለባት፤ 'አጎቷ የደርግ ወታደር ነበር' እየተባለች አንገቷን ደፍታ እንድትበላ ይፈልጋሉ?"

ጠጅቱም ይህ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ገብቷታል። "ለእሳቸው ወንድም እኔም አዝናለሁ" አለች። "ያን ጊዜ ወልዴ ኦጋዴን ምሽግ ውስጥ ነበር። የማንንም በር አንኳኩቶ የማንንም ልጅ አላወጣም። የሌላውን ኃጢአት ከረባት አድርገህ እሱ አንገት ላይ አታስርብኝም።"

"ማን ያውቃል ይሄን ሁሉ? ማን ያስታውሰዋል አሁን?"

"እኔ" አለ ሁመድ። እጁ አሁንም ሳጥኑ ላይ ነው። "እዚያው ምሽግ ውስጥ አጠገቤ ነበር። መድፍ በወደቀ ቁጥር እሱ በመቁጠሪያው አንድ ሰላም ለኪ ይላል፣ እኔ በእኛ መቁጠሪያ በሙስበሃዬ አንድ እላለሁ። 'የማናችን ይበልጣል?' ይለኝ ነበር። መድፉ ሳያስፈራኝ እሱ ያስቀኝ ነበር።"

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳይወድ ሳቀ። ኃይለመለኮት ግን አልሳቀም። "ጋሼ ራሱ ስለ ጦርነቱ አውርቶ አያውቅም" አለ። "የካቶሊክ ሲስተሮቹ ክሊኒክ ዘበኛ ሆኖ፣ ልጆቹን አሳድጎ፣ ቤተክርስቲያኑን አገልግሎ ነው በሰላም ያረፈው። እሱ የተወውን እኛ ምን አስነሳን?"

ይሄኔ ጠጅቱ ከያዟት ሴቶች እጅ ወጣች።

"ስማኝ፣ ኃይለመለኮት።"

ደረጃው ላይ የነበሩ ዘመዶች ሁሉ ደነገጡ። ጠጅቱ ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ይህን ሰው በስሙ ጠርታው አታውቅም። የባል ወንድም በስሙ አይጠራም፤ ያኔ ደብተር ይዞ ይሮጥ የነበረውን ልጅ "መከታ" ብላ ስም አወጣችለት፣ ይኸው ሽበት እስኪወርሰው መከታ ነው። አሁን ግን ሙሉ ስሙን ጠራችው፤ እሱም በጥፊ የተመታ ያህል ወደ ኋላ አለ።

"ደርግ የወደቀ ጊዜ" አለች፣ "ወንድምህ ከሰሜን በእግሩ እየኳተነ፣ ጢሙ እንደ ባሕታዊ ጢም አድጎ፣ ሱቅህ ደጅ መጥቶ ቆመ። ከደንበኞችህ አንዱ 'ይሄ ማነው?' ሲልህ ምን አልክ? 'አላውቀውም' አልክ። እሱ እየሰማ! ይህን ለእኔ የነገረኝ እሱ አይደለም፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ አልወጣውም። ከኋላው የነበረ ሰው ነው የነገረኝ። እሱ ይቅር አለህ። በየፋሲካው፣ እኔ እየተነጫነጭኩ፣ መጀመሪያ የሚሄደው አንተ ቤት ነበር። የአንተን ልጆች ከኔ ልጆች ለይቶ አያውቅም። እሱ ደህና ክርስቲያን ነው። እኔ ግን እሱ አይደለሁም! በቁሙ ክደኸዋል፤ ሬሳውን አትክደውም። ባሌ ካልመጣ ይሄ ሳጥን ከዚህ ደጅ አይነሳም፤ አባም ይጠብቁ፣ አውቶቡሱም ይሂድ።"

ይህን ብላ ከሳጥኑ አጠገብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የዕድሩ ሰብሳቢ ሊቆጣ ወጥቶ፣ ፊቷን አየና ሊቆጣ መምጣቱን ረሳ።

ኃይለመለኮት ቆሞ የራሱን ጫማ ያያል። መቅደላዊት ናት ስልኳን አውጥታ ፎቶ ቤት የደወለችው። ፎቶ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ ባለቤቱ ኸይረዲን ብዙም ሳይቆይ አንዲት ፖስታ ይዞ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ደረሰ።

"እማማ፣ በአላህ እኔ እንደታዘዝኩት ነው የሠራሁት" አለ ገና ከመድረሱ። "ዋናውን አልነካሁትም፤ ይኸው። ልብሱን ስቀይር እጄ ፈርቶ ነበር፤ መቁጠሪያውን ሳጠፋ ደግሞ የባሰ። አሁን አሳድጌ እንዳላወጣው መብራት ጠፍቷል።"

ፎቶዋ የመዳፍ ያህል ናት። ጠጅቱ ተቀብላ አየችው። አለ፤ ቆቡን ጋደል አድርጎ፣ መቁጠሪያውን አንጠልጥሎ፣ ካድሬውንም ዓለሙንም የናቀ መስሎ ቆሟል። ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጅ ገና አልወለደም፣ እሷ ገበያ ስትውል የመቅደላዊትን ፀጉር ገና አልሠራም። ፀጉር መሥራቱን ጎረቤት ሲስቅበት፣ "ምድር ጦር ገመድ መግመድ አስተምሮኛል፤ ይቺ ምን አላት?" ይል ነበር። ደግሞ ጥሩ አድርጎ ነበር የሚሠራው።

"ትንሽ ናት፣ እማዬ" አለች መቅደላዊት። "ከሩቅ ማንም አያያትም።"

"የፈለገ ቀርቦ ይይ። ፕላስተር አምጪ።"

ዕፀገነት ከቤቷ ፕላስተር አመጣች። ጠጅቱ ትንሿን ፎቶ በትልቁ መስተዋት ላይ፣ ልክ ቀዩ ከረባት ላይ፣ በአራቱም ማዕዘን ለጠፈቻት። ሚኒስትር የመሰለው ሰውዬ ደረቱ ላይ ወታደር ለጥፎ ቀረ። ማማሩን አላማረም፤ ጠጅቱም እንዲያምር አልነበረም የፈለገችው። "በሉ፣ አሁን አንሱት" አለች።

መቅደላዊት ፎቶውን ይዛ ከፊት ወጣች። የድንኳኑ ሰው አንገቱን እያሰገገ ቀርቦ አየ፤ አንዳንዱ ጠቆመ፣ አንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ። ፍትሐቱ በሰላም አለፈ። በስብከታቸው አባ ስለ ሟች ሲናገሩ፣ በሌጊዮ ማርያም ማኅበር በሽተኛ ሲጠይቅ የኖረ፣ ማታ ማታ ቤተሰቡን ሰብስቦ መቁጠሪያ ሳያስጸልይ ያልተኛ አባት ነው አሉ። እውነት ነው። ልጆቹ እያንቀላፉ "ጸልዪልን" ሲሉ፣ እንቅልፉ ያሸነፈውን በክርኑ ጎሰም እያደረገ ነበር የሚያስጨርሰው።

ጠጅቱ ያልጠበቀችው መቃብሩ ዘንድ መጣ።

የሕይወት ታሪክ የሚባለውን ነገር የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የሁሉም ሰው አንድ ነው፤ ሁሉም ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሁሉም ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ይሆናል፣ ሁሉም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ያርፋል። አንባቢው ኃይለመለኮት ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጀው ትናንት ነው፤ በፎቶው ሲሸነፍ ወረቀቱን የጠየቀው ስለሌለ፣ ዝም ብሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት መጥቷል። ከሰው ፊት፣ ለሽማግሌ በቀረበ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አቶ ሀብተ ማርያም ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው ከጎናቸው ናቸው።

"አቶ ወልደገብርኤል እምድብር አካባቢ ተወለዱ" ብሎ ጀመረ። "ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረዋል። ከዚያም በተለያዩ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች በቅንነትና በታማኝነት ካገለገሉ በኋላ..."

"የትኛው መሥሪያ ቤት?" አለች ጠጅቱ።

ሰው ሁሉ ዞረ። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ጥያቄ አይጠየቅም። ኃይለመለኮት ጉሮሮውን ጠራርጎ ሊቀጥል አፉን ከፈተ።

"ወታደር ነበር በል።"

ኃይለመለኮት አቶ ሀብተ ማርያምን አየ። ሳጥኑን አየ። "ወታደር... ነበሩ" አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል።

"አልተሰማም።"

አባ ከመጽሐፋቸው ቀና አሉ። በቀብር ላይ ጩኸት አይወዱም፤ ስንቷን አልቃሽ "ተስፋ እንደሌላቸው አትሁኑ" ብለው ገሥጸዋል። አሁን ግን ጠጅቱን ትተው ኃይለመለኮትን ያዩታል።

"ወታደር ነበር!" አለ ኃይለመለኮት። ድምፁ መቃብሩን አልፎ አጥሩ ጋ ደረሰ።

አቶ ሀብተ ማርያም ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ማንንም አልተሳደቡም፣ ፊታቸውንም አላዞሩም፤ ቀስ ብለው በመቃብሮቹ መሀል ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ። ባለቤታቸው ግማሽ ተነስተው ትንሽ አመነቱና መልሰው ተቀመጡ። ጠጅቱ አቶ ሀብተ ማርያም ሲሄዱ በዓይኗ ሸኘቻቸው። አልተቀየመቻቸውም። ሰውዬው የራሳቸው ሬሳ አለባቸው፤ እስካሁን ያልቀበሩት። ግን የእሳቸው ሬሳ እንዲከበር የእሷ አይሰረዝም፤ እዚህ ላይ አንዲት ጋት አትሸሽም።

ኃይለመለኮት ከልጁ አማት ኋላ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሊሮጥ ነው ብሎ አሰበ፤ ጠጅቱም እንዲያ አሰበች። እሱ ግን እግሩን መለሰና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደ ሳጥኑ ተጠግቶ እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። አሁን ያዘዘው የለም፤ ጠጅቱ አፏን አልከፈተችም።

"ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል ወታደር ነበር" አለ። "ወንድሜ ነው። አውቀዋለሁ።"

ጠጅቱ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ አባ ወደዱም አልወደዱም።